የድሮ ጌም ስትሰበስቡ ሰዓሊውን ተከተሉ

የድሮ ጌም መሰብሰብ እጀምራለሁ የሚል ሰው ሁሌ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፤ "ዋጋ የሚያወጣው የትኛው ነው?" የምትል። አልፈርድበትም። በጁላይ 2021 ላስቲኩ ያልተቀደደ አንድ "ሱፐር ማሪዮ 64" አሜሪካ ውስጥ ሄሪቴጅ በሚባለው ጨረታ ቤት 1.56 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት፣ ወሬው ዓለምን ዞረ፣ ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር የድሮ ካሴት ያለው ሁሉ ልቡ ቆሞ ነው የሚያድረው። ግን ያው ጌም ከ11 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ያልተነካው ላስቲክ ነው። የተከፈተውን፣ ልጆች የተጫወቱበትን ካሴት ማንም በመጠነኛ ገንዘብ ይገዛዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳታምታቱ።)

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አንድ ሰዓሊ ምረጡና የሱን እጅ ተከተሉ። "የኔንቴንዶ ጌም ሁሉ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ቤቱም ኪሱም አይችለውም፤ ዓላማ የሌለው ክምር ይሆናል። አንድ ሰው ግን በሥራ ዘመኑ የሚነካው ጌም ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ዝርዝሩ ያልቃል፣ ምን እንደምትፈልጉም ታውቃላችሁ። ደግሞ ሰው ያልፈለገው ርካሽ ካሴት ውስጥ ድንቅ ሥዕል ተደብቆ ስታገኙ የሚሰማችሁን ደስታ ዋጋ ብቻ የሚያሳድድ ሰው አያገኘውም።

ማንን ልከተል?

ለጀማሪ ቀላሉ አኪራ ቶሪያማ ነው። በ"ድራጎን ቦል" የምታውቁት፣ በማርች 2024 ያረፈው። በ1986 ለፋሚኮም (ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካው የኔንቴንዶ የጌም መሣሪያ፣ ኮንሶል ለሚሉት) የወጣውን የ"ድራጎን ክዌስት" ጭራቆች የሳለው እሱ ነው። ያቺ ሰማያዊ፣ ፈገግ ያለች ስላይም አለች አይደል? የጌሙ ፈጣሪ ዩጂ ሆሪ በሰጠው ንድፍ ላይ የጭቃ ክምር ነገር ነበረች፤ የውሃ ጠብታ ያደረጋት ቶሪያማ ነው። እነዚህ ጌሞች ጃፓን ውስጥ በሚሊዮን ስለተሸጡ ሳጥን የሌለው ካሴታቸው ዛሬም ርካሽ ነው። ጽሑፉ ጃፓንኛ ስለሆነ ተጫውቶ ለመጨረስ ታግላላችሁ፣ ለማየት ግን ምንም አይልም።

የኔ ምርጫ ካዙኮ ሺቡያ ናት። በስኩዌር ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን "ፋይናል ፋንታሲ" ጌሞች ገጸ ባሕርያት በፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑን በሚሞሉት ትንንሽ ነጥቦች፣ የሠራች ሴት። የነዚሁ ጌሞች የወረቀት ሰዓሊ ዮሺታካ አማኖ በቀጭን መስመርና በውሃ ቀለም ፀጉራቸው እንደ ጭስ የሚበተን ሰዎች ይስላል፣ እሷ ደግሞ ያንን ሁሉ ጭስ ጎንና ጎኑ 16 ፒክስል የሆነ ካሬ ውስጥ ማስገባት አለባት። ቀለሟ ሦስት ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ አማኖን ያደንቃል (መደነቁም ይገባዋል)፣ ተጫዋቹ ለሃምሳ ሰዓት ፊቱ ላይ የሚያየው ግን የሷን ሥራ ነው።

የኔንቴንዶ ተፎካካሪ የነበረው የሴጋ ወዳጅ ከሆናችሁ ሪኤኮ ኮዳማን ያዙ። በ1987 "ፋንታሲ ስታር" ላይ፣ በ1991 "ሶኒክ" ላይ ሠርታለች፣ በ2022 አርፋለች። አያሚ ኮጂማም አለች፤ የ1997ቱን "ካስልቫኒያ፦ ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ናይት" ጥቁርና ወርቃማ ሥዕሎች የሳለችው። የሷ ግን ለፕሌይስቴሽን 1 የወጣው ኦሪጅናል ውድ ነው፣ በሱ አትጀምሩ።

ማን እንደሳለው እንዴት ይታወቃል?

እዚህ ላይ ትንሽ የፖሊስ ሥራ አለ። በድሮ ጊዜ ኩባንያዎቹ ሠራተኞቻቸውን ተፎካካሪ እንዳይነጥቃቸው ስለሚፈሩ እውነተኛ ስም በጌሙ መጨረሻ ላይ አያወጡም ነበር። ስለዚህ የምታገኙት የቅጽል ስም መዓት ነው። ኮዳማ "ፊኒክስ ሪኤ" ተብላ ነው የምትወጣው። የካፕኮሙ ኬጂ ኢናፉኔ "ኢናፍኪንግ" ነበር። የ"ስትሪት ፋይተር 2"ን ተዋጊዎች የሳለው አኪራ ያሱዳም እስከ ዛሬ የሚታወቀው "አኪማን" በሚለው ነው። አታሪ ጭራሽ ስም አይጠቅስም ነበር፤ በዚህና በክፍያ የተናደዱ አራት ፕሮግራመሮች ወጥተው በ1979 አክቲቪዥንን መሠረቱ።

ስለዚህ ጌሙን እስከ መጨረሻው ተጫወቱ ወይም መጨረሻውን በቪዲዮ ፈልጉና የስም ዝርዝሩን ጻፉ። ከዚያ ከ1999 ጀምሮ የጌም ሠራተኞችን ስም እየመዘገበ ያለው ሞቢጌምስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ። እሱም የሚሳሳትበት ጊዜ ስላለ ሰዓሊው በአንደበቱ የተናገረበት ቃለ መጠይቅ ካለ እሱን አስቀድሙ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፤ ሳጥኑን የሳለውና ጌሙን የሳለው አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ያውም በየአገሩ ይለያያሉ። የመጀመሪያው "ፋይናል ፋንታሲ" የጃፓን ሳጥን የአማኖ ሥዕል አለበት፣ አሜሪካ ሲደርስ ሰይፍና መጥረቢያ ሆነ። የ"ሜጋማን" የአሜሪካ ሳጥንማ ተነግሮ አያልቅም፤ ጌሙ ውስጥ ክንዱ ራሱ መድፍ የሆነ ሰማያዊ ልጅ አለ፣ ሳጥኑ ላይ ሽጉጥ የጨበጠ፣ እግሩ የተጣመመ ጎልማሳ ቆሟል። በነገራችን ላይ የሜጋማን አባት እየተባለ የሚጠራው ኢናፉኔ ነው፣ የመጀመሪያውን የፒክስል ምስል የሠራው ግን አኪራ ኪታሙራ ነው፤ ኢናፉኔ እሱን አይቶ ነው በወረቀት ያሳመረው። ይህንንም ራሱ ኢናፉኔ አልደበቀውም። እንግሊዝ አገር ደግሞ ቦብ ዌክሊን የሚባል ሰው ነበር፣ የማንቸስተሩ ኦሽን ኩባንያ ሳጥኖችን የሚስል። ጌሙ ተራ ቢሆንም ሽፋኑ ሲኒማ ቤት በር ላይ እንደሚለጠፍ ፖስተር ነው። በ2018 አረፈ። የሱን ብቻ መሰብሰብ ራሱን የቻለ መንገድ ነው፤ እንደውም ኮንሶል ሁሉ አያስፈልጋችሁም።

ምን ልይ? ዓይናችሁን እንዴት ታሠለጥናላችሁ

ይህን ክፍል አትዝለሉ። ይህን ካላወቃችሁ ጥሩውን ከመጥፎው አትለዩም።

ፋሚኮም (አሜሪካና አውሮፓ ኤንኢኤስ የሚሉት) ሥዕል የሚያስቀምጠው ጎንና ጎኑ 8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ነው። ለአንድ ካሬ ሦስት ቀለምና አንድ የጋራ የጀርባ ቀለም ይደርሰዋል። ስፕራይት የሚባሉት ተንቀሳቃሾቹ ከ64 አይበልጡም፣ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ከተሰለፉ ትርፎቹ አይታዩም። ጠላት ሲበዛ ምስሉ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው፤ ካሴቱ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። ሸማኔ ጥለት ሲጥል ክር እየቆጠረ እንደሚሠራው እነዚህም ሰዎች ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየቆጠሩ ነው የሠሩት።

እስቲ ማሪዮን እዩት። በ1981 "ዶንኪ ኮንግ" ላይ ሺገሩ ሚያሞቶ ሲስለው በዚያ ጥቂት ነጥብ አፍ መሳል አልተቻለም፣ ስለዚህ ፂም። ፀጉር ሲዘል መንቀሳቀስ አለበት፣ ስለዚህ ኮፍያ። እጁ ከገላው ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ባለማንገቻ ቱታ። ከዚያ በ1985ቱ "ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ" ውስጥ ደመናውንና ቁጥቋጦውን አስተያዩ። አንድ ናቸው! ቀለሙ ነው የተቀየረው። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም የምትልኩት አንድ ፎቶ ከዚያ በላይ ይመዝናል።

እንግዲህ ካሴት በእጃችሁ ሲገባ የምትጠይቁት ይህንን ነው። ሰዓሊው ችግሩን የት ጋ በብልሃት አለፈው? የገጸ ባሕርዩ ቅርጽ ጥላው ብቻ ቢታይ ይለያል ወይ? የሩጫው እንቅስቃሴ በስንት ምስል ተሠራ? አንድ ካሬ ስንት ቦታ ላይ ተደጋገመ፣ ሳይታወቅስ እንዴት አለፈ?

እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጠባይ አለው። በእጅ የሚያዘው የኔንቴንዶ ጌም ቦይ በ1989 ሲወጣ 160 በ144 ፒክስል ስክሪን ላይ አራት ደረጃ ያለው አንድ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነበረው፣ ስለዚህ የሱ ሰዓሊዎች በብርሃንና ጥላ ነው የሚያስቡት። የሴጋው ሜጋ ድራይቭ 512 ቀለሞች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ የሚወጡት ግን 60 ገደማ ናቸው። የሴጋ ሰዓሊዎች ይህን እጥረት ለማለፍ ሁለት ቀለሞችን መስመር በመስመር ወይም ነጥብ በነጥብ እያፈራረቁ ይደረድራሉ፣ የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ ያደባልቀዋል፣ ሦስተኛ ቀለም የተፈጠረ ይመስላል። "ሶኒክ" ላይ ያለው ፏፏቴ በድሮ ቴሌቪዥን ስታዩት የሚያሳልፍ ውሃ ነው። በአሁኑ ጠፍጣፋ ስክሪን ስታዩት ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ። ሱፐር ኔንቴንዶ (ጃፓን ሱፐር ፋሚኮም የሚሉት) ከ32,768 ቀለሞች ውስጥ 256ቱን በአንዴ ያሳያል፣ ስለዚህ እሱ ላይ ሰዓሊዎቹ ዘና ብለዋል፤ የተራቀቀ የጀርባ ሥዕል የሚወድ ሰው ከሱ ይጀምር። የኔ አስተያየት ከሆነ ግን ጥበቡ የሚበዛው በድህነቱ ዘመን ነው።

የት ይገኛል?

ጃፓን የሚሄድ ሰው ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቶኪዮ አኪሃባራ ውስጥ ሱፐር ፖቴቶ፣ ናካኖ ውስጥ ማንዳራኬ የታወቁ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ለቱሪስት ነው። ሃርድ ኦፍ የሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ "ጀንክ" ተብሎ የተቀመጠው ሳጥን ይሻላል፤ ዋስትና የለውም፣ ግን አብዛኛው ካሴት ከቆሻሻ በቀር ምንም አልሆነም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎችንና ሰዎች ቤት ሲለቁ ደጃቸው ላይ የሚሸጡትን አትለፉ። ኢቤይ ላይ ስትገዙ ሰው የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን ተሸጦ ያለቀበትን ዋጋ እዩ፣ ለዚያ የተለየ ማጣሪያ አለው።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። እኛ ጋ የገባው ባብዛኛው ኦሪጅናል ፋሚኮም አልነበረም፣ የቻይና ቅጂው ነው፤ ያ "9999999 በ1" የሚል ካሴት ያለው፣ "ኮንትራ"ን እና ታንኩን የተጫወትንበት። ፕሌይስቴሽኑም ቢሆን በየሰፈሩ ጌም ቤት የነበረው ቺፕ ተበይዶበት በኮፒ ሲዲ የሚሠራ ነው። ይህን አትናቁት። የካሴቱን ተለጣፊ ማን ሣለው? አንዳንዱ ላይ ከአምስት የተለያዩ ጌሞችና ፊልሞች የተቆረጠ ሥዕል አንድ ላይ ተለጥፏል፣ ውስጡ ካለው ጌም ጋር አይገናኝም፣ ግን የልጅነታችን የጌም ሥዕል እሱ ነው። እነዚህን በቁም ነገር የሚሰበስብ ሰው ስለሌለ ርካሽ ናቸው፣ እየጠፉም ነው። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በሉ። ከሁሉ በፊት ግን እናታችሁን ጠይቁ፤ ቆራሌው ያልወሰደው ካርቶን ቆጥ ላይ ይኖር ይሆናል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ፎርጅድ በዝቷል። በተለይ የ"ፖኬሞን" የጌም ቦይና የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴቶች። አድቫንሱን ስታዩ ተለጣፊው ላይ ወደ ውስጥ የተጫነ ሁለት አኃዝ ቁጥር ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት መታየት አለበት፤ ከታች በመክፈቻው በኩል ከወርቃማዎቹ እግሮች በላይ ቦርዱ ላይ "ኔንቴንዶ" የሚል ጽሑፍ ይኖራል። የተለጣፊው ቀለም የደበዘዘ ወይም ከልክ በላይ የሚያብለጨልጭ፣ ፊደሉም ወፈር ያለ ከሆነ ተጠራጠሩ። ከተቻለ ይከፈት። ለዚህ ተራ ካቻቢቴ አይሆንም፤ ለጌም ቦይና ለሱፐር ኔንቴንዶ ካሴት 3.8 ሚሊሜትር፣ ለሱፐር ኔንቴንዶ ኮንሶል 4.5 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ ራስ ያለው፣ ለአድቫንስ ካሴት ደግሞ ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ ነው የሚያስፈልገው፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ግዙት። ቦርዱ ላይ ጥቁር የቀለጠ ጠብታ መሳይ ነገር ካያችሁ ለጌም ቦይ ካሴት መጥፎ ምልክት ነው። ለፋሚኮም ግን ወዲያው አትፍረዱ፣ አንዳንድ ኦሪጅናሎችም እንዲሁ ነው የተሠሩት።

የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ታቹ ጥቁር ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ጥቁር ባዶ ሲዲም ይሸጥ ስለነበር እሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መሃል ላይ ባለው ቀለበት የተቀረጸውን ኮድ ከሽፋኑ ጋር አስተያዩ። ኤስ ኤል ዩ ኤስ ብሎ የሚጀምር አሜሪካ፣ ኤስ ኤል ኢ ኤስ አውሮፓ፣ ኤስ ኤል ፒ ኤስ ጃፓን ነው። ከዚያ ሲዲውን አምፖል ፊት ያዙት፤ ብርሃን በቀዳዳ ካሳለፈ አትግዙ። ከታች ያለ ቀጭን ጭረት ብዙም አይጎዳም፣ ከላይ በሥዕሉ በኩል ያለው ነው ገዳዩ።

መብራት!

አሜሪካ ያለ ዘመድ ኮንሶል ሲልክላችሁ በደስታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። እዛ 120 ቮልት ነው፣ ጃፓን 100፣ እኛ ጋ 220። የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቡ፤ ኢንፑት ከሚለው ጎን 100-240 ካለ ችግር የለም። የድሮዎቹ ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይሉም፣ ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ የአሜሪካው ኤንኢኤስ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት መሆኑ ነው። የጃፓኑ ፋሚኮምና ሱፐር ፋሚኮም የሚፈልጉት 10 ቮልት ቀጥታ ጅረት ነው፣ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ። ጫፉ ገባልኝ ብላችሁ ከሰካችሁ ኮንሶሉን ታቃጥሉታላችሁ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድና በሚመጣበት ሰፈር ስታብላይዘር አትርሱ፤ ተጫውታችሁ ስትጨርሱም ንቀሉት።

ፋሚኮም ልትገዙ ከሆነ ደግሞ በ1993 የወጣውን ባለ ኤቪ ሞዴል ፈልጉ። የ1983ቱ በአንቴና ገመድ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያውም በጃፓን ቻናል፣ በኛ ቴሌቪዥን ላይ እሱን ማስተካከል ራስ ምታት ነው። የጃፓን ካሴት 60 እግር አለው፣ የአሜሪካና የአውሮፓው 72፤ ስለዚህ አይገጣጠሙም። ጌም ቦይ ግን ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል፣ ለጀማሪ የምወደውም ለዚህ ነው።

ጽዳት

ካሴት አልሠራ ሲል ሁላችንም እፍ ብለናል። አቁሙ። የሚያስተካክለው እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ነበር፤ ከአፍ የሚወጣው እርጥበት እንደውም ብረቱን ያዝገዋል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ ትዕግሥት። እግሮቹን በርጋታ አሹ፣ ጥጡ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም ቀይሩ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሞክሩ። ተለጣፊው ላይ አልኮል አታስነኩ፣ ቀለሙን ያነሳዋል። እኛ የምንሰበስበው ለዚያ ቀለም አይደል?

ሴቭ የሚያደርጉ ካሴቶች ውስጥ ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አለች፤ ሱፐር ኔንቴንዶ ላይ ሲአር2032፣ "ፖኬሞን ጎልድ" እና "ሲልቨር" ላይ ሲአር2025። እነዚህ ሁለቱ ሰዓትም ስለሚቆጥሩ ቶሎ ይጨርሳሉ። ባትሪዋ በብየዳ የተያዘች ስለሆነች ልምድ ከሌላችሁ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፣ ስትወጣ ግን የድሮው ሴቭ እንደሚጠፋ እወቁ።

ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ካገኛችሁት ቆሻሻ አይደለም። እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ኬሚካል ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። በሃይድሮጅን ፔሮክሳይድና በብርሃን የሚያነጡ አሉ፤ ይነጣል፣ ግን ተመልሶ ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ ካልተጠነቀቁም ዝንጉርጉር ይሆናል። እኔ ብትሉኝ ተዉት።

የድሮ ቴሌቪዥን

ሰዓሊዎቹ ሥራቸውን ያዩት በነዚያ ኋላቸው በወፈረ ቴሌቪዥኖች ነው፣ ሥዕሉም ለነሱ ነው የተሰላው። የሶኒክን ፏፏቴ አስታውሱ። ደግሞ ስክሪኑ ላይ ዳክዬ የሚታደንበት የፋሚኮም ሽጉጥ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ አይሠራም። አሁን ሰው ሊጥለው ስለሆነ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ይገኛል፤ 14 ወይም 21 ኢንች ይበቃል፣ ኤቪ መግቢያ ይኑረው፣ ፓልንም (የአውሮፓን የምስል ሥርዓት) ኤንቲኤስሲንም (የአሜሪካንና የጃፓንን) የሚያነብ ይሁን። ከኋላው ግን እንዳትከፍቱት። ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል፣ ይህ ቀልድ አይደለም።

አጋጣሚ ሆኖ የአውሮፓ የፓል ጌም ከያዛችሁ በ50 ኸርዝ ስለሚሄድ ብዙዎቹ ከኦሪጅናሉ በስድስተኛ እጅ ገደማ የዘገዩ ናቸው። ሥዕሉም ተጨፍልቆ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይወጣል። ለሰዓሊው ስትሉ ከቻላችሁ የጃፓኑን ወይም የአሜሪካውን ውሰዱ።

ወረቀቱን አትጣሉ

ሰዓሊ ለሚከተል ሰው ከካሴቱ ይልቅ መመሪያ መጽሐፉ ይበልጣል። በጌሙ ውስጥ ነጥብ የሆነው ጭራቅ እዚያ ላይ በእርሳስና በቀለም ተስሎ ይገኛል፣ ሌላ ቦታ ታትሞ የማያውቅ ሥዕል ያለው እሱ ላይ ነው። ሻጮች ግን ካሴቱን ብቻ ሸጠው መጽሐፉን በሳንቲም ይጥሉታል። ሱቅ ላይ ይታደል የነበረ የማስታወቂያ ወረቀትም እንዲሁ። ከፀሐይ አርቁት፣ ከወለል አንሱት፣ አይጥና እርጥበት የማይደርስበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምሩበት። የዋጋ ተለጣፊ ከሳጥኑ ስታነሱ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብላችሁ አሙቁት እንጂ በጥፍር አትፋቁ። የተቀደደው ላይ ስኮች አትለጥፉ፣ ከዓመታት በኋላ ቡኒ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

ከዚያ ስካን። 600 ዲፒአይ፣ ገጽ በገጽ፣ ያለምንም ማሳመር፣ ሁለት ቦታ ላይ ይቀመጥ። አሜሪካ ያለው ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም ብሏል። ጌሙ እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን አስቡት። ስካኑን ለራሳችሁ መዝገብና ለሚያጠኑ ሰዎች አድርጉት፤ አትማችሁ መሸጥ ግን የሰዓሊውን እንጀራ መንካት ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ጻፉ። የጌሙ ስም፣ አገሩ፣ ዓመቱ፣ የውስጡን ማን ሳለው፣ ሳጥኑን ማን ሳለው፣ ይህን ከየት እንዳወቃችሁ፣ ስንት እንደገዛችሁት። "ከየት እንዳወቃችሁ" የሚለውን አትዝለሉት፤ ዛሬ እርግጠኛ የሆናችሁበት ስም ነገ ቅጽል ስም ሆኖ ሌላ ሰው ሊወጣ ይችላል።

የአገራችንንም ጨምሩበት። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው "ኩኩሉ"፣ ያቺ የምትሮጠው ዶሮ፣ ካሴትም ሳጥንም የላትም፣ የስልክ ጌም ናት። እንዲህ ያለውን የምትሰበስቡት ስልኩ ላይ እየተጫወታችሁ ስክሪኑን በመቅዳት፣ የየትኛው ቨርዥን እንደሆነ በመጻፍና ማስታወቂያውን በማስቀመጥ ነው። የስልክ ጌም ከመተግበሪያ መሸጫው የወረደ ዕለት ምንም አይቀርምና ጌሙ ገና እያለ ቅዱት። የሳሉትን ልጆች ካገኛችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን የእርሳስ ንድፍ ለመግዛት ጠይቁ፤ ከሸጡላችሁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ስማቸውንና ቀኑን አስጽፉ፣ በእስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ሥዕሉ ጎን ያልፋል።